ሰዒድ ምን አለ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንዲት ፍላሽ ይዛ ሱቄ መጣች። ስሪታቸው ለየቅል በሆነ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ በየተራ ሰካቻት፤ ሦስቱም ሳያንገራግሩ ተነሡ። "አየህ አጎቴ፣ አንድ ሲስተም ለሁሉም" አለችኝ። እኔ ግን ቀድሜ የጠየቅኋት ድምፅ አላቸው ወይ ብዬ ነው። ሳቀችብኝ።

በጉብዝናዬ እዚሁ የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ማዕላ በሚባለው ሰፈር ጋሽ ተፈራ ዘንድ የኮምፒውተር ጥገና እማር ነበር። ኤደን ተወልደው ኤደን ያረጁ፣ የማይሆን ነገር ቢጠየቁ እንኳ እሺ የሚሉ ሰው ነበሩ። አንድ የበጋ ሰሞን በሳቲን በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ያሉ ሐበሾች ለመሰብሰቢያቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ተሰጧቸው፤ ሁሉም ቫይረስ የጨረሳቸው ነበሩ። መብራት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ መጥቶ ስለሚጠፋ እያንዳንዱን ለየብቻ መጫን አይታሰብም። ጋሽ ተፈራ በሱቃችን ኮምፒውተር ላይ ሁሉን አሟልተው ጫኑና ሙሉ ቅጂውን፣ እኛ ኢሜጅ የምንለውን፣ አዘጋጁ። ያንኑ ለሁሉም ማልበስ ነበር ሐሳባቸው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ፉልና ዳቦ ጭናችን ላይ ይዘን በሚኒባስ ሄድን። ሙቀቱ ሸሚዛችንን ከጀርባችን አጣብቆታል። በመሰብሰቢያው በር ላይ የሰፈሩ ነዋሪ እማማ መሬማ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ። ልጃቸው ሰዒድ ሳዑዲ ተሻግሯል፤ ስልክ የለውም። ጂዛን በምትባለው የሳዑዲ ከተማ ያገኘው ወዳጅ፣ ከእናቱ ጋር በካሜራ እንዲነጋገር በዚያች ቀን ኢንተርኔት ቤት ሊያስገባው ቀጠሮ ይዟል፤ በማግስቱ ግመል ሊጠብቅ ወደ በረሃ ይወሰዳል። እናትም ልጅም ማንበብ አይችሉም።

"ይነሣል አይደል?" አሉ።

"ኢንሻአላህ፣ ኖ ፕሮብሌም" አሉ ጋሽ ተፈራ።

መብራት መጣ። የመጀመሪያው ላይ ኢሜጁን ጫንነው፤ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቆመ። ቀጣዩም ያው። ኢሜጁ ለሱቃችን ማሽን የተሠራ ስለሆነ የነዚህን ዋና ሰሌዳ፣ ቦርዱን፣ አያውቀውም። ጋሽ ተፈራ ላባቸውን እየጠረጉ ወደሚቀጥለው አለፉ። በመጨረሻ ጥግ ያለው ጥቁሩ ተነሣ፤ ካሜራውም ሠራ፤ በቀጠሮው መሠረት ደወልን፤ ሰዒድ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

ድምፅ ግን የለም። የዚያን ማሽን ድምፅ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ኢሜጁ ውስጥ አልነበረም፤ በዚያ ቀርፋፋ የኢንተርኔት መስመር ላውርድ ቢሉትም መብራቱ አይጠብቅም። ሰዒድ ይናገራል፤ ጆሮውን ይነካል፤ ደግሞ ይናገራል። እማማ መሬማ ስክሪኑን እየዳበሱ "ስማኝ ልጄ፣ ሰዒዶ" ይላሉ።

"ከስቷል" አሉኝ ዞረው። "ምን እያለ ነው? አንተ ዓይንህ ደህና ነው።"

የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። አጥፍቼ ላስነሣው ብል ልጁን ማጣት ነው። እንባዬ መጣ። መብራቱም ሄደ።

"ልብሴን እንኳ አየልኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ እማማ መሬማ፣ ከወንበሩ ሳይነሡ።

የእህቴ ልጅ ስቃ ስታበቃ በሦስቱም ላይ ዘፈን ከፍታ አሰማችኝ፤ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አርብ ወዲህ ከሰዒድ ወሬ አልመጣም። እማማ መሬማ ዛሬም በሳቲን ናቸው። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ክንዴን ይዘው፣ ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ፣ "እስቲ አስታውስ፣ ሰዒድ ምን አለ?" ይሉኛል። "አላውቅም እማማ" እላለሁ። እሳቸውም ክንዴን ቶሎ አይለቁትም።