በእኔ ኢንሹራንስ የፈረሰ ጎጆ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያስተማርኳቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያቅፉኝ እንኳ የአንዱን ስም ለሌላው እየሰጠሁ አስቃቸዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ሰው ስለ ኢንሹራንስ ባወራ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ያኔ የምኖረው በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳዋ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርህ» እለው ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ ጠቅልሎ ወደ ደሴ ሊሄድ ሲል ቤቱን እንደሚሸጥ ሰማሁ። ሁለት ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፤ ጓሮው ጎመንና ድንች የሚያበቅል። አየሁትና እንቅልፍ አጣሁ። ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ቀብድ ሰጥቼ ገባሁበት፤ የቀረውን ከባንክ ልበደር አሰብኩ።

ደሴ ያለው ባንክ አላስከፋኝም፤ እሺ አለ። ነገር ግን ቤቱ መጀመሪያ የእሳት ኢንሹራንስ ይግባለት የሚል ነገር አመጣ። ኢንሹራንስ ከሌለ ብድር የለም። ብድር ከሌለ ልብስ ሰፊው ቤቱን ለሌላ ይሸጠዋል፤ እኔም ቀብዴን ተበልቼ ወደዚያች የማስነጠሻ ክፍል እመለሳለሁ ማለት ነው።

እናቴ ወደምትኖርበት አጅባር ወርጄ ነገሩን ባጫውታት ክው አለች።

«ገና የገባሽበትን ቤት እሳት ትጠሪበታለሽ? ይኼ ሟርት ነው!» አለችኝ። ቀጠለችና «ለሰው ደግሞ እንዳትናገሪ፤ መሳቂያ ትሆኛለሽ» አለች።

የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝና በሟርቱ ሳቅኩባት። መሳቂያ ትሆኛለሽ ያለችው ግን ውስጤ ገባ። መካነ ሰላም ተመልሼ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ከየኔታ ክንፈ ጋር ነበር። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ባለቤታቸው እማማ ዘርፌ ይባላሉ። ዋናው ቤታቸው ከወደ ፊት ሆኖ ቆርቆሮ ነው። ከእኔ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ አንዲት ሳር ክዳን ጎጆ ነበረች። ልጃቸው አበባ ከላላ በሚባል አገር አግብታ፣ ትዳሩ አልሆን ሲላት ሁለት ልጆቿን ይዛ የተመለሰች ጊዜ የኔታና ተማሪዎቻቸው የሠሩላት ናት። መንገድ ዳር የነበረው ሌላው ቤታቸው በአዋጁ ጊዜ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሶባቸዋል። ይህን ሰው ነግሮኝ ነበር፤ ልብ ግን አላልኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት የኢንሹራንሱ ሰው በላንድሮቨር መጣ። የመንግሥት መጋዘን ሊያይ መጥቶ እግረ መንገዱን ነው የእኔን ቤት የሚያየው። ኮት ለብሷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ እጁ ላይ ሜትር አለ። የሜትሩን ጫፍ እኔው ራሴ ያዝኩለት። ቤቱን ዙሪያውን ለካ፣ ጣራውን አየ፣ ጻፈ። ከዚያ ዘወር ሲል ጎጆዋን አያት። ከግድግዳዬ እስከ ጎጆዋ ክፈክፍ ለካና ከንፈሩን መጠጠ።

የኔታ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ደህና አደርሽ ልጄ? ምንድን ነው የሚለካው?»

ኢንሹራንስ ነው ብል ምንነቱን ላስረዳ ነው። ካስረዳሁ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማ ነው። ነገሩን በአጭሩ ልቁረጥ ብዬ «ከመንግሥት ተልከው ነው የኔታ፤ ቤት እየመዘገቡ ነው» አልኳቸው።

«የእኛንም?»

«ሳይመዘግቡት አይቀሩም።»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሰውየውን ምሳ ጋበዝኩት። ቀይ ወጡን እያጠቀሰ «ቤትዎ ጥሩ ነው፤ ያቺ ሳር ቤት ግን አላማረችኝም» አለኝ። «ከእሷ ምድጃ አንድ ፍም ቢነሳ የእርስዎም ቤት አብሮ ነው የሚሄደው። እሷ እያለች አልፈርምም። ወደ ደሴ የምመለሰው ነገ ጠዋት ነው፤ እስቲ ያስቡበት።»

ምን አስባለሁ? ሰው ጎረቤቱን ቤትህን አፍርስልኝ ብሎ ይለምናል? ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ አቧራ አየሁ። ቀረብ ስል የጎጆዋ ክዳን ተገፎ መሬት ላይ ተከምሯል። የየኔታ ተማሪዎች ማገሩን ይፈታሉ፣ ቋሚውን ይነቅላሉ። አበባ ድስትና ምንጣፏን ወደ ዋናው ቤት ታመላልሳለች። ልጆቿ ምን አለባቸው፣ የሳሩ ክምር ላይ ይዘላሉ።

«የኔታ! ምን ሆናችሁ ነው?» አልኩ።

የኔታ ላባቸውን ጠረጉ። «ቤት ሆና ከቆየች ይወርሷታል። እንጨት ከሆነች ይተዉልኛል። አንዴ ቀምሼዋለሁ፣ ልጄ፤ ዕቃዬን እንኳ ሳላወጣ ነበር ሰው ያስገቡበት» አሉኝ። ቀጥለውም እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «ዛሬ አንቺ ባትነግሪን ኖሮ እንደ ያኔው እንደተቀመጥን ይደርሱብን ነበር። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው። ውለጂ፣ ክበጂ፤ ቤትሽን የደስታ ቤት ያድርግልሽ» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ።

አሁን እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ግን ደስታ ነበረች። ጎጆዋ የለችም! ሰውየው እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ነው፤ መጥቶ ቢያይ ይፈርማል፤ ቤቱ የእኔ ይሆናል። ደብተሬን አስቀምጬ የሳር ሸክም አነሳሁ። ላግዛቸው ብዬ ይሁን ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለራሴ መልሼው አላውቅም። ሁለት ሸክም እንዳመላለስኩ ሰውየውን ልጠራው ወጣሁ።

ከየኔታ ቀጥሎ ያለው ግቢ የጋሽ ሰይድ ነው። በግ ነጋዴ ናቸው፤ የሰፈሩም ቅሬ ዳኛ እሳቸው ነበሩ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በበራቸው ሳልፍ ከላይ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ጋሽ ሰይድ፣ ያን ያህል ሽማግሌ፣ የጓሮ ቤታቸው ጣራ ላይ ወጥተው ምስማር ይነቅላሉ።

«አስተማሪዋ! እኔንስ ጽፎኛል?» አሉኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ኧረ ይውረዱ!»

«ምነው፣ ደረሱ እንዴ?» ብለው በችኮላ ሊዞሩ ሲሉ እግራቸው ሸርተት አለና በእጃቸው ወራጁን ያዙ።

በዚያ ቅጽበት ወድቀው ሞተው፣ ቅሬው ተሰብስቦ፣ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከለቀስተኛው ጋር ቆሜ ታየኝ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«አልተጻፉም! ማንም አልተጻፈም! ዋሽቼ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። የኔታም ድምፄን ሰምተው ኖሮ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወጡ።

ጋሽ ሰይድ ጣራው ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ለክቶ ነው የሄደው?»

«የእኔን ቤት። ኢንሹራንስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቤት ቢቃጠል የሚያሠራ ድርጅት ነው። በየዓመቱ ይከፈለዋል።»

«ከደሴ ድረስ መጥቶ?»

«አዎ።»

«ያረቢ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እኛስ የት ሄደን?»

በዚያ ሰፈር ቤት የተቃጠለበት ሰው እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ፣ ሳሩን ማን እንደሚያጭድ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ቅሬ ግቢ ሲሉኝ ጊዜ የለኝም እያልኩ የምሸሽ ሰው ነበርኩ።

እማማ ዘርፌ ወደ እኔ ቀረቡ። «የእኔ ልጅ ከነልጆቿ ጎጆዋ የፈረሰባት አንቺ ሰው እንዳይስቅብሽ ነው?» አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነበር። እኔ ራሴ ከዚህ አሳጥሬ ልናገረው አልችልም።

በማግስቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ትቀጣ የሚለው በረከተ። ጋሽ ሰይድ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባላችን አይደለችም እኮ። የሰው አገር ሰው በምን ሥልጣን እንቀጣለን? መጀመሪያ ትግባ፣ ከዚያ እንቀጣታለን» አሉ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። በአንድ ቀን ገባሁም ተቀጣሁም። ቅጣቴ ጎጆዋ ተመልሳ እስክትቆም ድረስ ሠራተኛውን መመገብ ነበር፤ ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለእስላሙ የማያሰክር ቃሪቦ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምስቅበት ወሬ በሆነ።

ጎጆዋ በምትተከልበት ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ የኔታ ጠሩኝ። «ያ ሰውዬ ስለ ጎጆዋ ያለው ነገር አለ?» አሉኝ። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበርና ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ያን ቀን ሳልጠራው ቀርቼ ሰውየው ሳይፈርም መሄዱን፣ ባንኩም የሚጠብቀው ፊርማውን መሆኑን።

የኔታ ወደ ግቢያቸው ዳርቻ አዩ። «ከፈረሰች አይቀር ወዲያ ጥግ እንትከላት። አንቺም ቤትሽን አትጪ» አሉ።

«እዚያማ የጎርፍ መውረጃ ነው!» አሉ እማማ ዘርፌ።

«አብሽሪ፤ ቦይ እንቆፍርለታለን» አሉ የኔታ።

አበባ ጭቃ እያቦካች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉም አዩኝ። አይሆንም፣ በቦታዋ ትቆም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። ግን ሁለቱ ክፍሌ ታዩኝ፤ ጓሮዬ ታየኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አልኩ።

ጎጆዋ ጥጉ ላይ ቆመች። ሰውየው ሌላ ጊዜ ሲመጣ አይቶ ፈረመ። ባንኩ አበደረኝ፤ ቤቱም የእኔ ሆነ። ብድሬን እስክጨርስ ድረስ የኢንሹራንሱን በየዓመቱ ከፈልኩ፤ አንድም ቀን ግን የእሳት ብልጭታ ቤቴን ነክቶት አያውቅም።

የአበባ ጎጆ ግን በየክረምቱ ውሃ ይገባት ነበር። የኔታ ያስቆፈሩት ቦይ በአንድ ዶፍ ይደፈናል። በመስኮቴ ሳይ አበባ ቀሚሷን ጠቅልላ፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ትቆፍራለች። አንድ ጊዜ አላስችል ብሎኝ ዶማ ተውሼ ሄድኩ። ከእጄ በቀስታ ተቀበለችኝና አጥሩ ላይ አስደገፈችው። «ተይው እትዬ፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

የኔታም እማማ ዘርፌም ዛሬ የሉም። አበባም ልጆቿ ትልልቅ ሆነው ወደ እነሱ ሄዳለች። ውሸቴን ሰፈሩ ይቅር ብሎኛል፤ እኔም በውሸቴ ማፈሬን ከጊዜ ብዛት ተውኩት። ሰው ነኝ፤ ዋሸሁ፤ ተቀጣሁ። እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ፊቴን በነጠላዬ የሚያስሸፍነኝ፣ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ባረፈበት በዚያ ቀን አይሆንም በማለት ፈንታ ማመስገኔ ነው።