ጆሮና ሚስቱ ያነጠፉት ወለል

ወለል አንጣፊው በሰፈሩ የሚታወቀው «ጆሮ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ስሙን ያወጡለት ሸክላ ሲመርጥ ያዩ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱን ሸክላ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያንኳኳዋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ እሳት በቅጡ አግኝቶታል፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ወይ ተሰንጥቋል ወይ አልበሰለም። በሠላሳ ዓመት ሥራው አንዴም ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር። ይህን የሚለው በአብዛኛው ራሱ ነው።

ስድሳ ዓመት ሲሞላው ጆሮው ከዳው። መጀመሪያ መስማት የተወው ሚስቱን ነበር። እሷም የተለመደው ጆሮ ዳባ ልበስ መስሏት አራት ወር ሙሉ ዝም አለችው። በኋላ ሐኪም ቤት ስትወስደው ሐኪሙ፣ «የሸክላ መቁረጫ ማሽኑ ጩኸት ነው የጎዳዎት። ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀጭኑ ግን አይመለስም» አለው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አስጠሩት። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። የሳሎናቸው ሴራሚክ ሁለት ጊዜ አንሸራትቶ ጥሏቸዋል፤ በሁለተኛው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። «የሚያብረቀርቅ ነገር በቃኝ። ማብረቅረቂያ ያልተቀባ፣ ሻካራ ሸክላ አንጥፍልኝ» አሉት። አፉን ሞልቶ እሺ አለ። ማታ ግን ሚስቱን፣ «ነገ ሸክላ ማምረቻው አብረን እንሄዳለን» አላት።

«ምን ልሠራ?»

«ልትሰሚ።»

በማግስቱ እሱ ሲያንኳኳ እሷ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ከመቶው አምስት ስድስት ይጥል የነበረው ሰውዬ ያን ቀን ሃያ ሁለት ጣለ። መጋዘን ጠባቂው ፊቱን አጠቆረ።

«እትዬ፣ እርስዎስ ከጋሼ ባሱ።»

«እሱ የሚጥለው ለስሙ ነበር» አለችው። «እኔ ሥራውን ስለማላውቀው ፈርቼ ነው።»

ሸክላው አንዱ ቀላ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ስለነበር፣ ቀለሙ አንድ ቦታ እንዳይከማች ከየክምሩ ቀላቅለው ወሰዱ። ሸክላው የሲሚንቶውን ውሃ እንዳይመጥጥ በበርሜል ውሃ ዘፈዘፉት። ጆሮ ከክፍሉ መሐል ሲባጎ ወጥሮ ጀመረ፤ እሷ ታቀብላለች፣ እሱ ያነጥፋል። በሦስት ቀን ተነጥፎ አለቀ።

በአምስተኛው ቀን፣ ሲሚንቶው ሲደርቅ፣ ሚስቱ በመዶሻ እጀታ ወለሉን እየመታች ዞረች። መስኮቱ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ሥሩ ባዶ ነው።»

«አይደለም። በእጄ ነው የሞላሁት።»

«በእግርህ ነው አልኩህ እንዴ?»

መዳፉን ሸክላው ላይ አድርጎ እንድትመታ አዘዛት። ምንም አልተሰማውም፤ ስለዚህ ምንም የለም አለ። ክርክሩን የሰሙት ሲስተር ወደ መኝታ ቤት ገብተው በደረት ማዳመጫ ተመለሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ ሚስቱ እየመታች ሸክላውን አዳመጡት፣ አጠገቡ ያለውንም ለማነጻጸር አዳመጡት።

«ይህችኛዋ አየር ይዛለች» አሉ።

ጆሮም ማዳመጫውን ከእጃቸው ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገ። ሚስቱ መታች። ሌላውን መታች። እንደገና የመጀመሪያውን መታች። የባዶው ድምፅ ወፍራም ነበር፤ ሰማው። ከዚያ መሮውን አንስቶ ሸክላውን ነቀለ፤ ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። ሞልቶ መለሰው። ሚስቱ «አላልኩህም?» አላለችውም፤ ይህ እንዴት እንደከበዳት ሲስተር በኋላ ለጎረቤት ተናግረዋል።

ማዳመጫውን ሊመልስ ሲል፣ «ያዘው፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉት ሲስተር። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት በጉልበቱ እየዳኸ የቀረውን ወለል ሁሉ አንድ በአንድ እያንኳኳ አዳመጠ። ሌላ ባዶ አላገኘም።

የሸክላዎቹን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ከመሙላታቸው በፊት ሸክላው እድፍ እንዳይጠጣ የተልባ ዘይት ሁለት ጊዜ ቀቡት። ሲስተር በሳምንቱ በባዶ እግራቸው ከግድግዳ ግድግዳ ተራመዱበት። አልተንሸራተቱም። ባልና ሚስቱ በሩ ላይ ቆመው ምን እንደሚሉ ጠበቁ።

«እንደ ሴራሚኩ አይቀዘቅዝም» አሉ ሲስተር፣ ወንበራቸውንም እንዲያስገቡላቸው ጠየቁ።