የብረት ስጥ

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ከጋራዥ የለቀሙትን ቁርጥራጭ ብረት አድቅቀው ዱቄት አደረጉት። ዱቄቱን በጨረር እያቀለጠ፣ በስሱ በስሱ እየደራረበ ዕቃ የሚያወጣ ማሽን ውስጥ ጨመሩትና ትንሽ የማርሽ ጥርስ ወጣ። አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም።

ከአዳማ መጥቼ ባሕር ዳር የኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ በመምህርነት ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ። ማታ ማታ ጣና ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ እበላለሁ፤ አሣ ሻጩ «ዛሬም ብቻሽን?» ሲለኝ ሌላ ሻጭ ፈለግሁ። የሚያጫውቱኝ በወርክሾፑ ቶርኖ ላይ ብረት የሚቀርጹት ባለሙያ ጋሽ ደምሴ ብቻ ነበሩ። ምሳቸውን ያካፍሉኛል፣ ስለ አገራቸው ስለ ቁንዝላ ያወሩልኛል።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ከቶርኖው ሥር የሚረግፈውን ፍቅፋቂ ወራት ሙሉ አጠራቅመው፣ በርሜል ውስጥ ከብረት ኳስ ጋር እያሽከረከሩ ዱቄት አድርገውታል። ተጨምቆ ሲጋገር ለጀልባ ሞተር ቦኮላ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ይሆናል ተብሏል። «የጣልሁት ብረት ተመልሶ ዕቃ ሲሆን አይቼ ነው የምወጣ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መሸንቲ ለቅሶ ሄዱ። «ዱቄቱን ከማሽን ዘይቱ በነጭ ጋዝ አጥበሽ ጣሳ ውስጥ ክደኚልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ነጭ ጋዙ አልቆ ነበር። ላስደስታቸው ብዬ በውሃና በኦሞ አጠብኩትና ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አሰጣሁት፤ እናቴ ስንዴ ስታሰጣ እያየሁ እንዳደግኩት። የተማርኩ ነኝ ባይዋ ዱላ ይዤ ወፍ እጠብቃለሁ! ሲመሽ የበርበሬ ስጥ መስሎ ቀልቷል። ዝጎ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ከለቅሶ እንደተመለሱ የወርክሾፑ ኃላፊ መጣ። «ማነው ያሰጣው?»

በሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ። አንድ ጥፋት ያባርረኛል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ምን ላድርግ፣ አርጅቻለሁ።»

እኔ ሸራውን ማጠፍ ጀመርኩ። የዱቄቱ ሙከራ ተቋረጠ፤ እሳቸውም ቦኮላውን ሳያዩ ወጡ። ሲሰናበቱኝ ስለ ዱቄቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ምሳሽን ከሰው ጋር ብዪ» ብቻ አሉኝ። አልሆነልኝም፤ ከዚያ ወዲያ ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ።

ቁንዝላ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ መንገዱ ይጠገን ስል ማረፋቸውን ሰማሁ። አሁን እርጥብ የብረት ዱቄት አየር ላይ እንደማይሰጣ በየዓመቱ አስተምራለሁ። አንድ ሽማግሌ ተሳስተው አበላሹት እያልኩ።