ባንዛይ ያልተጻፈበት ደብዳቤ

እትዬ ኪኑዮ የከሰል ማዕድን ማውጫው የቤዝቦል ቡድናችን ማደሪያ ምግብ አብሳይና ልብስ አጣቢ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤዝቦል ማልያችን ላይ የከሰል ጥቁረት ስታስለቅቅ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም ከእኛ ከሰሜን ጃፓን ከሆካይዶ ተራሮች ወርደው የሄዱ የቀድሞ ተጫዋቾች ሁሉ ደብዳቤ የሚጠብቁት ከእሷ ነበር። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን ዳኛውን እንደተሳደበ፣ ለእራት ምን ዓሣ እንደቀረበ ትጽፍላቸዋለች። ያልሆነውን ግን አትጽፍም።

ባሏ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ የሞተ ጊዜ፣ የማዕድን ማውጫው ቢሮ “ሕክምና ላይ ነው” እያለ ሁለት ቀን በር ላይ አቁሟታል። ንጹሕ ልብሱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለት ነበር።

አዘውትራ የምትጽፈው ከተራራው ከወረደ አሥራ ሁለት ዓመት ለሆነው ለሴይጂ ነው። ሴይጂ የአሰልጣኛችን የሪኪቺ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ የከሰል ብናኝ ሳንባውን በልቶት ቆላው ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል።

በዚያ መኸር የወረዳውን ዋንጫ ወሰድን። ጨዋታው እንዳለቀ እንደ ልማዳችን አሰልጣኙን ሽቅብ ልንወረውረው ከበብነው።

“ቀስ በሉ! ምሳ በልቻለሁ” አለ ሪኪቺ ጫማውን እያወለቀ።

“ምሳ ብቻ? የእትዬን ድስት ከነክዳኑ ነው የዋጥከው!”

“ብትጥሉኝ ነገ ሃምሳ ዙር ነው የማስሮጣችሁ!”

ኪኑዮ ዳር ቆማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

በእኛ ዘንድ ውርወራው ሦስት ነው። ሦስተኛውን ተቀብለን በእግሩ እናቆመውና ፈቀቅ ብለን እጃችንን አንስተን “ባንዛይ!” እያልን የድል ጩኸታችንን እናሰማለን። በዚያ ዓመት ግን በደቡብ ከተዘጋ ጉድጓድ የመጡ አዳዲስ ሰዎች ተቀላቅለውን ነበር። በእነሱ አገር አምስት ጊዜ ነው የሚወረወረው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለንም።

ሦስተኛውን ተቀበልን። በጭንቅላቱ በኩል የነበርነው፣ ሌሎቹ በእግሩ ሊያቆሙት ነው ብለን ለቀቅነውና እጃችንን አነሳን። በእግሩ በኩል የነበሩት ደቡቦቹ ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ ወረወሩት። ሪኪቺ ተገልብጦ በጭንቅላቱ ወረደ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሞተ።

በወጋችን መሠረት አስከሬኑ ተቃጥሎ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ሚስቱ ኖቡኮ ወደ ማዕድ ቤቱ መጣች።

“ኪኑዮ፣ ሴይጂ የሚመጣው ሐሙስ ቀዶ ጥገና አለው። ሐኪሙ እስከዚያ ምንም እንዳይሰማ ብሏል።”

“እንግዲያው አልጽፍለትም።”

“ካልጻፍሽማ ይጠረጥራል! ቡድኑ አሸንፎ አንቺ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? የደስታውን ደብዳቤ እየጠበቀ ነው። ደስ ደስ የሚል አድርገሽ ጻፊለት።”

“ኖቡኮዬ፣ እኔን በር ላይ ያቆሙኝም እንዲህ አዝነውልኝ ነበር።”

“የባሌን አመድ ትናንት ነው ታቅፌ የገባሁት። የሴይጂንም ልጨምር?”

ኪኑዮ ወረቀትና ብዕር አወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ሩዙ እያረረባት ጻፈች።

“ሴይጂ፣ ሳልህ እንዴት ነው? ሰባት ለስድስት አሸነፍን። ካንጂ የመታው ኳስ የከሰሉን ክምር ተሻግሮ ሄደ፤ እስካሁን አልተገኘም። የደስታውን ቀይ ሩዝ አብስዬ ነበር። ወንድምህ ሊወረወር ጫማውን ሲያወልቅ የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ሳልሰፋው የቀረሁት እኔ ነኝ። አንዴ ወረወሩት። ሁለቴ ወረወሩት። ሦስተኛው ከሁሉም በለጠ። ፀሐይዋን ሸፈነብኝ። ይስቅ ነበር።”

እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። አንድ ቃል ብትጨምር ወይ ትዋሻለች፣ ወይ ሴይጂን ትገድላለች። ስሟን ጽፋ አሸገችው።

መልሱ የደረሰው በዚያው ሐሙስ ጠዋት ነው።

“እትዬ፣ ሦስቱን ቆጠርኩ። ከዚያ ባንዛዩን ፈለግኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩ፣ ፖስታውንም አራገፍኩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጽፊው ቀርተሽ አታውቂም። ወንድሜ አልወረደም ማለት ነው። ለሐኪሙ ምንም አልተናገርኩም፤ ኖቡኮንም አትቆጪብኝ። ከነቃሁ የቀረውን ጻፊልኝ። ካልነቃሁ እሱው ይነግረኛል።”

ኪኑዮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ከፊቴ ተቀመጠች።

“አንተ በየት በኩል ነበርክ?”

“በጭንቅላቱ በኩል።”

“ስንት ቆጠርክ?”

“ሦስት።”

“እነሱስ?”

“አምስት ሊሉ ነበር፣ እትዬ።”

ምንም ሳታስቀር ጻፈችው። ማን በየት በኩል እንደቆመ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ከነስማችን። እኩለ ቀን ሳይደርስ ፖስታ ቤት ወስዳ ሰጠችው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ደብዳቤው ሳይከፈት ተመለሰ። በሴይጂ ስም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ነበር።

በረዶ ሲወርድ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ቡድኑም ተበተነ። ኪኑዮ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ድስቶቿን በገመድ ስታስር ላግዛት ሄድኩ። ከሽርጧ ኪስ ፖስታውን አውጥታ ሰጠችኝ።

“አንተው ያዘው” አለችኝ። “ስምህ አለበት።”

አልከፈትኩትም።