አዴ ጫልቱ ያዩት ሕልም

ነቀምቴ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ አከራዬ አዴ ጫልቱ ከጸሎት ኅብረታቸው ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ሕልም አይቼ ነበር» አሉኝ። «አንድ ሰው ጓዳዬ ተቀምጦ ያለቅሳል። እህቶች ጸለዩበት። ያንተስ ትምህርት ምን ይላል?»

ደስ አለኝ፤ ማን ጠይቆኝ ያውቃል። የሚያለቅሰው ሰው ራሳቸው እንደሆኑ፣ ቀን የምንደብቀው ሐዘን በሕልም የሰው መልክ ይዞ እንደሚመጣ፣ እግዚአብሔርም በዚያ በኩል ሊናገር እንደሚችል ረዘም አድርጌ አስረዳኋቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«የተደበቀ ሐዘን ነው ያልከው ልክ ነው» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። «ሰውዬውን ግን አውቄዋለሁ። አንተ ነህ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ግጭት ባለበት ኪራሙ ያለችው እናቴ ስልኬን ማንሳት ካቆመች ሳምንት እንዳለፋት ለማንም አልተናገርኩም ነበር።