ፍራሼ ሳይወርድ ቀባሪ ተፈለገልኝ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር ገብቼ ፍራሼ ገና ከአይሱዙው ሳይወርድ «ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» ተብዬ ተጠየቅሁ።

ጠያቂዋ አዲሷ አከራዬ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ስድስት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ኪራዩ በየዓመቱ ሲጨምር ሐይቁ የኔ የሆነ ይመስል ዝም ብዬ እከፍል ነበር። ዘንድሮ አቃተኝና ረከስ ወዳለ ከተማ ወጣሁ።

እንደለመድኩት «የስድስት ወር ቅድሚያ እከፍላለሁ» አልኳቸው።

«ኪራዩን ማን ጠየቀህ ልጄ? ዕድርህን ነው የምልህ።»

«ዕድር የለኝም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ? ጎረቤት አልነበረህም እንዴ?»

ነበረኝ። ስሙን አላውቀውም፤ የበሩን ቀለም ግን አውቀዋለሁ።

እማማ ወዲያው የዕድሩን ጸሐፊ አስጠሩ። ጸሐፊው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በሙሉ ክብር ስሜን ጻፉ። እኔ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ከሐይቁ ዳር ተጠንቅቄ ያመጣሁት ዕቃ ቬንትሌተር ነው።

«አንድ ነገር ቢደርስብህ ለማን እንንገር?» አሉኝ ጸሐፊው።

እናትና አባቴ አርፈዋል። ወንድምም እህትም የለኝም። እስክሪብቷቸውን ይዘው ጠበቁኝ፤ እኔ ፍራሼን ከአይሱዙው ወደማውረድ ዞርኩ።

እማማ ጥሩዬ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙ። «እኔን ይጻፉኝ» አሏቸው ለጸሐፊው። ወደኔ ዞረው ደግሞ «አንተ በዚያ በኩል ያዝ፣ ወደ ቤት እናግባው» አሉኝ።

እናንተስ አዲስ ከተማ ስትገቡ መጀመሪያ የተጠየቃችሁት ምን ነበር? መልስ ያጣችሁለትንም ጻፉልኝ።