ከቀዶ ጥገናው በፊት ያነሳሁት ምላጭ

ነገሩን ያወቅሁት ያስነጠሰኝ ዕለት ነው። የፕሮስቴት ቀዶ ጥገናዬ አልፎ፣ ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ወጥቶልኝ፣ ዳንኩ ብዬ የአብነት ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አስነጠሰኝ። ሱሪዬ ራሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የያዝኩት ውኃ የፈሰሰ መስሏት፣ "አባባ፣ ክዳኑን ይዝጉት እንጂ" አለችኝ። ችግሬም እሱው ነበር፤ የሚዘጋ ነገር አልነበረኝም።

"ይሻልዎታል፣ ይታገሡ" ተባልኩ። ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ታዘዘልኝና በሰባ አንድ ዓመቴ ስፖርተኛ ሆንኩ። ዓመት አለፈ። ስነሣ ይፈስሳል። ሳስል ይፈስሳል። ስስቅማ አይጣል ነው። ቅዳሴ ቀረሁ። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ከበር ላይ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ እሸሽ ጀመር። ሰፈርተኛው ኮራብን አለ። ዳይፐር የታጠቀ ኩሩ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በመጨረሻ አንዲት የዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት ቧንቧ፣ ሐኪም አርቲፊሻል ስፊንክተር ስለሚባል ዕቃ ነገረችኝ። የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ ይዘጋል፤ መሽናት ሲፈለግ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፓምፕ ስትጫን ይከፈታል።

"ግን አባባ፣" አለችኝ፣ "ዕቃው ሥጋ አይደለም፤ ደም አይዞርበትም። ባክቴሪያ አንዴ ከተለጠፈበት አንቲባዮቲክ ብቻውን አያጠራውም። ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ማውጣት ነው የሚቀረን። ቦታው ጠባሳ ስለሚይዝም ሁለተኛው ሙከራ ይከብዳል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑን ቀድመን ነው የምንከላከለው።"

ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። በዚያ መሐል ሽንቴ ካልቸር ለሚባል የባክቴሪያ ምርመራ ተላከ። ባክቴሪያ ተገኘበት። ታከምኩ፣ እንደገና ተመረመርኩ፣ ነጻ ነህ ተባልኩ። ክሎርሄክሲዲን የሚባል መድኃኒት ያለበት መታጠቢያ ተሰጠኝ፤ በቀዶ ጥገናው ዋዜማና በዕለቱ ጠዋት እንድታጠብበት። ከእሱ ጋር አንድ ወረቀት አለ። "ቤት ውስጥ ፀጉር አይላጩ" ይላል።

አነበብኩት። ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። እኔ አርባ ዓመት የልደታን ሰው ፂም ስላጭ የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ደግሞም የልጅ ልጄን የምታክል ነርስ እዚያ ቦታ ላይ ስትላጨኝ ታየኝና አፈርኩ። በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ምላጬን አወጣሁ።

ባለቤቴ ዘነበች በሩን ደበደበችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ? ምን ታደርጋለህ?"

"እየተዘጋጀሁ ነው።"

"ወረቀቱ አትላጭ ይላል እኮ!"

"ወረቀቱ ሙያዬን መቼ ያውቃል?"

እጄ ሙያውን አልረሳም፤ ዓይኔ ግን ከሄደ ቆይቷል። ቆዳዬን ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። አልኮል አፈሰስኩበት። የጮኽኩትን ጩኸት ጎረቤት እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ሆስፒታል ገባሁ። ጋውን ለበስኩ። ሐኪሟ ገልጣ አየች።

"ማን ላጨዎት?"

"እኔው።"

"በምላጭ?"

"በምላጭ።"

"ዛሬ አይሠራም።"

ለመንኳት። አባትሽ እሆናለሁ አልኳት። ትንሽ ነው፣ ጭረት ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

"ትንሽ መሆኑን አያለሁ። ለባክቴሪያ ግን በር ነው። እኛ ፀጉሩን እዚሁ፣ ልንጀምር ስንል፣ በማሽን ነው የምንከረክመው። ቁስሉ ይዳን፤ ያኔ ይመለሳሉ።"

ተራዬ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። ጋውኑን አወለቅኩ። ዳይፐሬን መልሼ ታጠቅኩ። ዘነበች ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁስሉ ድኖ፣ የሽንት ምርመራው ተደግሞ ንጹህ ሲሆን፣ ፀጉሬን እንደ ጫካ አሳድጌ ተመለስኩ። ያፈርኩባት ነርስ ስለ ኳስ እያወራችኝ በማሽን ከርክማ ጨረሰች፤ ለጨዋታዋ እንጂ ለእኔ ዕቃ ደንታም አልነበራት። ከመቀደዴ በፊት አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ተሰጠኝ፣ ቆዳዬም ደጋግሞ ታጠበ። ዕቃው ከገባ በኋላም ቁስሉ በደንብ እስኪጠግግ ስድስት ሳምንት ሥራ ሳይጀምር ቆየ፤ ዘነበችም ትኩሳቴን እየለካች፣ እጄ ወደዚያ ሲሄድ ባየች ቁጥር "ተው!" እያለች ጠበቀችኝ። ቀኑ ሲደርስ ሐኪሟ ዕቃውን ሥራ አስጀመረችልኝና "በደንብ ይሳሉ" አለችኝ። ሳልኩ። "ይነሡ፣ ይቀመጡ።" ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። ደረቅ ነበርኩ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የምታስገቡ ወንድሞቼ፣ ሳትመረመሩ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሽንት ካቃጠላችሁ፣ ቆዳችሁ ላይ እከክ ወይም ቁስል ካለ፣ ሳትደብቁ ተናገሩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትኩሳት፣ መቅላት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካያችሁ ያንኑ ቀን ሂዱ። ሌላ ሆስፒታል ብትተኙም ካቴተር ከመግባቱ በፊት ዕቃው እንዳለባችሁ ንገሩ። ምላጩን ደግሞ ለፂማችሁ ተዉት።

እኔ የማመሰግነው ብዙ ሰው አለኝ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ግን ያቺን ሐኪም። በዚያ ጠዋት "እሺ፣ ይሁን" ብትለኝ እጇን ስሜ ነበር የምገባው። አሻፈረኝ ብላ ወደ ቤቴ ስለሸኘችኝ ነው ዛሬ ልደታ ማርያም ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ የማስቀድሰው።